የጥል ጫካ

ኮሶ አምባ ላይ የቆመው ጫካ የጥል ልጅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ደን የሚጽፉ ሰዎች ደንን ሁሉ ከፍቅርና ከራእይ ስለሚያስወልዱት ነው። ውሸታቸውን ነው። ወይዘሮ የብርጓል መሬቷን የተወችው ዛፍ ስለምትወድ አልነበረም፤ የባሏ ወንድም እንዳያርሰው ብላ ነበር። ጥሉ ባይኖር ኖሮ ያ ጉብታ ዛሬ ድንች ተቆፍሮበት፣ አፈሩም በክረምት ጎርፍ ወደ ዓባይ ወርዶ ነበር።

ኮሶ አምባ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ሲወጡ በስተቀኝ ይታያል። ጉብታ ቢሆንም አምባ ይሉታል፤ ኮሶ ሳይኖርበትም በኮሶ ይጠሩታል። የብርጓል ከጉብታው ሥር ባለው ትምህርት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ አስተምራለች። በየዓመቱ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ኮሶ የሌለበት ቦታ ለምን ኮሶ አምባ እንደተባለ ይጠይቃታል። እሷም በየዓመቱ፣ አያቶቻችሁ ቆርጠው ስለጨረሱት ነው ብላ ትመልሳለች። ልጆቹ ቤታቸው ገብተው ይህንኑ ይናገራሉ፤ በማግስቱ አባቶች ለአቤቱታ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ርእሰ መምህሩ ጠርቶ መልሷን ትንሽ እንድታለዝበው ቢለምናት፣ ቆራጩን ትቶ ተናጋሪውን የሚያርም ትምህርት ቤት አላየሁም ብላው ወደ ክፍሏ ተመለሰች። መልሷ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አልለዘበም።

ባሏ እንዳላማው ጉብታው ላይ ገብስ ይዘራ ነበር። ገብሱ በየዓመቱ ያጥራል፤ ድንጋዩ በየዓመቱ ይበዛል። ማረሻው ያወጣውን ድንጋይ እየለቀመ ከማሳው ግርጌ ይከምረዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይወጣል። እንዳላማው ሲሞት የድንጋዩ ክምር ከጎተራው በልጦ ነበር።

በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ እርፍ ግን አትይዝም። ሴት እርፍ ከያዘች ዝናብ ይቀራል ይባላል። እንዴት እንደሚቀር የሚያውቅ የለም፤ ሞክሮ ያየ ስለሌለ። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጥና ምርቱን ይካፈላሉ። የብርጓልም ይህን አልጠላችም ነበር። የእንዳላማው ተዝካር በወጣ ሰሞን የባሏ ታናሽ ወንድም ሙላት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። በቀስታ ቢጠይቃት ኖሮ እሺ ትለው እንደነበረ ኋላ ራሷ ተናግራለች። እሱ ግን አልጠየቀም፤ በሰው ፊት ፈረደ።

«ወንድ የሌለበት መሬት መጦሙ አይቀርም» አለ። «ከሚጦም እኔ ልረሰው።»

«እንግዲያስ ይጡም» አለች የብርጓል።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ንዴት የወለደው ቃል ነው፣ ውሎ ሲያድር ይበርዳል ብለው ነበር። ንዴት የወለደው መሆኑስ እውነት ነው። ነገር ግን የንዴት ልጅ ሁሉ በጨቅላነቱ አይሞትም።

በመጀመሪያው ክረምት ጉብታው ላይ ሰናርና ሙጃ በቀለ። ያልታረመ ማሳ ይመስል ነበርና ሰው አዘነላት። በሁለተኛው ክረምት ሰርዶና ዋጅማ መሬቱን ሸፈኑት። ያ የሣር ዘመን ነበር፤ የአገሩ ከብት ሁሉ ወደዚያ ይጎመጅ ጀመር። የብርጓል ከክፍል ይዛው በወጣችው ድምፅ የከብቱንም የባለቤቱንም ስም እየጠራች ታባርራለች። ከዚያ ኮሸሽላ መጣ፤ ተከትሎት እንቧጮ መጣ። መከራዋ የጀመረው ያኔ ነው። በእኛ ዘንድ ኮሸሽላ የወጣበት ማሳ ማለት ቀዳዳው ያልተጣፈ ልብስ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ታሞ ካልሆነ ሰንፎ ነው። መንገደኛው በደጇ ሲያልፍ፣ የጦመው መሬት ዘንድሮ ምን አበላሽ ይላታል። እሷም ምላስህን የሚያክል እሾህ ትለዋለች።

ከእንቧጮው መሀል ቀጋ ወጣ፤ ከቀጋው ጎን አምጃ ቢጫ አበባውን ይዞ ቆመ። ቀጋው ፍሬ ሲይዝ ወፍ መጣ። ወፉ ከወንዙ ማዶ ካለው የደብሩ ጫካ የበላውን እዚህ እየጣለ ከቀጋው ሥር ወይራ አበቀለ፤ እሾሁም ፍየል እንዳይደርስበት ጠበቀው። ይህን ሁሉ ማንም አላዘዘም። ጉድጓድ የቆፈረ የለም፣ ችግኝ የተሸከመ የለም፣ ቆሞ ንግግር ያደረገ የለም። ቀድሞ የመጣው ለኋለኛው ቦታ እያበጀ፣ ኋለኛው ቀዳሚውን በጥላው እየገፋ፣ ጉብታው በራሱ ጊዜ ልብሱን ይቀያይር ነበር።

ኮሶው የመጣው ከሣሩም ከእንቧጮውም በኋላ ነው። ዘሩ ብናኝ ነው፤ ነፋስ አመጣው። የብርጓል፣ ሙላት በሬ እንዳያስገባ ልትጠብቅ ጠዋት ጠዋት ትወጣ ነበርና አንድ ቀን ከእንቧጮው መሀል ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ፣ ሲነኩት የሚለሰልስ ቅጠል አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ለልጅ ያስተማረችው ስም፣ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ፣ ጉልበቷን አክሎ ቆሟል። ተንበርክካ አልሳመችውም፤ እንዲህ ያለውን ነገር አትወድም። ቆማ ረጅም ጊዜ ተሳደበች። ማንን እንደሰደበች በእርግጥ አይታወቅም፤ ለአቤቱታ የመጡትን አባቶች ሁሉ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሉና ጫካው ተለያዩ። ጠዋት ጠዋት መውጣቷን አልተወችም፤ የምትወጣው ግን ሙላትን ለመጠበቅ መሆኑ ቀረ።

ኮሶው የቤት ክዳን ባለፈበት ዓመት የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ስለ ጉብታው መከረ። ሰብሳቢው ምስጋናው እሷ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚላት። ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ነገራት። ለዓመታት ያልታረሰ መሬት እንደተተወ ይቆጠራል፤ የተተወ መሬት ደግሞ መሬት ለሌለው ይሰጣል። ኮሚቴው በግንቦት፣ ደብረ ማርቆስ ካለበት ስብሰባ ሲመለስ፣ ሰኞ ቀን መጥቶ ያያል። የታረሰ ወይም የተተከለ ነገር ካገኘ ደግ፤ ካላገኘ ጉብታው ከእጇ ይወጣል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከራት። ቁጥቋጦውን አስመንጥራ ባሕር ዛፍ በመስመር ብትተክልበት ማንም አይጠይቃትም፤ ባሕር ዛፍ ልማት ነው።

የብርጓል ተቆጣች። ሰው በመስመር የተከለው ዛፍ ልማት፣ ራሱ የበቀለው ስንፍና የሚሆንበትን ሒሳብ እንዲያስረዳት ጠየቀችው። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሣር የማያስጠጋ መሆኑን ያውቃል ወይ? ያውቃል። ጉብታዋ ላይ ስንት ዓይነት ሣር፣ ስንት ዓይነት ወፍ እንዳለ ያውቃል ወይ? ያውቃል። ታዲያ? ምስጋናው፣ መመሪያው የሚለው ይህን ነው አላት። በሦስተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርህ አለችው፤ መልስን ከሰሌዳ ላይ ትገለብጣለህ እንጂ ከራስህ አውጥተህ አታውቅም። ምስጋናው ስቆ ተሰናበታት፤ ሰኞ ግን መምጣቱ አልቀረም።

ለሙላትም ፍርድ ይገባዋል። ክፉ አድርጌ ብስለው ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች ልጆች አሉት፤ መሬት የላቸውም። አንዱ ደጀን ወርዶ ከጭነት መኪና ላይ ጆንያ ያወርዳል፤ ሌላው ሊከተለው ጓዙን እያሰረ ነው። አባቱ ያረሰውን፣ ወንድሙ ያረሰውን መሬት እንቧጮ ሲውጠው እያየ እንቅልፍ የሚወስደው ገበሬ የለም። ኮሚቴው ከመድረሱ በፊት እሱ መንጥሮ ቢገኝ፣ አራሹ እኔ ነኝ ብሎ ይቆማል፤ ጉብታውም ለባዕድ አይሄድም። ይህን ሁሉ ለየብርጓል ነገራት። እሷም ስለ ልጆቹ ያለው ሁሉ እውነት መሆኑን አመነችለት። አምናለትም እምቢ አለችው። ያ መሬት ልጆችህን ቢያበላ ሁለት ክረምት ያበላል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው፤ ልጅህ ያኔም ደጀን መውረዱ አይቀርም፤ ልዩነቱ ኮሶው አለመኖሩ ብቻ ነው አለችው።

ሙላት አልተከራከራትም። ሄዶ ደቦ አሰባሰበ።

ደቦ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለሥራው የሚጠራው ነው፤ ባለሥራው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ያስደፋል፣ የመጣውም ሰው በልቶ ጠጥቶ ባለቤቱ ያሳየውን ይሠራል። ሁለተኛው ሳይጠራ የሚመጣው ነው። ሰው ሲታመም ወይም ባል ሲሞት፣ ማሳውም በአረም ሲዋጥ፣ ጎረቤት በራሱ ተነሥቶ ስንቁን ይዞ ይመጣል። የችግረኛን ቤት ላለማስቸገር ከዚያ ቤት ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ ይበጃል ያለውን ሠርቶ ይሄዳል። ይህን ደቦ መመለስ አይቻልም። የመለሰ ሰው አገሩን ሁሉ ሰድቧል፤ በሞተ ጊዜ ቃሬዛውን የሚሸከምለት ይታጣል። ሙላት በየቤቱ እየዞረ የተናገረውም ይኸው ነበር፦ የወንድሜ ሚስት ደክማለች፣ ኮሚቴው ሊነጥቃት ነው፣ እንድረስላት። ሰው አዘነ፤ እሺ አለ። በዚህ አገር ከክፋት ይልቅ ደግነት ብዙ ዛፍ ቆርጧል።

ለየብርጓል የነገረቻት ጎረቤቷ ሽታዬ ናት። ሮብ ገበያ ላይ ተገናኝተው፣ ባሏ መጥረቢያውን እየሳለ መሆኑን፣ እሱም ሆነ ሌላው ለእሷው ብሎ እንደሚመጣ አጫወተቻት። የብርጓል እስከ መጨረሻው ሳትቆጣ ሰማቻት። ሽታዬን ያስፈራት ይህ ነው። ከዚያ የብርጓል ዘወር ብላ ጌሾ መረጠች፤ ብዙ ጌሾ።

«ለማን ነው?» አለች ሽታዬ።

«ለእንግዶቼ።»

«ሳይጠራ የመጣ ደቦ አይጠጣም እኮ።»

«አቀበቱን ወጥቶ ከጠማው ይጠጣል» አለች የብርጓል።

ሽታዬ ነገሩ የገባት ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። ሽማግሌዎች «የቀመሰ ታዟል» ይላሉ። ጠላውን የቀመሰ ደቦ የተጠራ ደቦ ነው፤ ሥራውን የምታሳየውም ጠላውን ያቀረበችው ናት። ሽታዬ መንገዱ ላይ ቆማ ብቻዋን ሳቀች። ለባሏ ግን አልነገረችውም። መጥረቢያውን ይሳል ብላ ተወችው።

ሰኞ ደረሰ። የበዓል ቀን አልነበረም፤ ጾምም አልነበረም። ደቦው ከወንዙ ጀምሮ እየዘፈነ አቀበቱን ወጣ፤ መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ ማጭድና ገሶ ይዟል። የደቦው አለቃ የሺዋስ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ በአገሩ የተጣላ የሚያስታርቀው፣ ድንበር የሚለየው እሱ ነው። ሙላት ከፊት ከፊት ይሄዳል።

ከጉብታው ግርጌ፣ ከእንዳላማው የድንጋይ ክምር አጠገብ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ጋኖች ተደርድረዋል። ድፎው ተቆርሶ በየሰፌዱ ላይ ነው። ሽታዬና የሠፈሩ ሴቶች ሽክና ይዘው ቆመዋል። ከመሀላቸው የብርጓል ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥላዋን ዘርግታ፣ በወላጆች በዓል ላይ እንደምትቆመው ቆማለች። ዘፈኑ ቀስ በቀስ ተቋረጠ።

የሺዋስ ቀርቦ ሰላም አላት፤ ልናግዝሽ እንጂ ልናስቸግርሽ አልመጣንም፣ ስንቃችንን ይዘናል አላት።

«አያ የሺዋስ፣ ማን ሞቶብኝ ነው?» አለች። «የእንዳላማው ተዝካር ከወጣ ቆይቷል፤ እርስዎም በልተዋል። ታምሜ ከሆነም ይንገሩኝና ልተኛ።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ከግማሽ የሚበልጡት ያስተማረቻቸው ናቸው። አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቻቸው፤ የአንዳንዱን የአባት ስምም ጨመረች፤ ፊደል ያስቆጠርሁት ልጅ ጠላዬን ተጠይፎ ያልፋል ወይ ብላ ጠየቀች። አብይ የተባለው ጎረምሳ፣ ያኔ ከክፍል ሁሉ የሚረብሽ የነበረው፣ መጀመሪያ እጁን ዘረጋ።

«ይቅርታ አያ የሺዋስ» አለ። «እምቢ ብል ቲቸር ተንበርከክ ይሉኛል።»

እሱ ጠጣ። ቀጥሎ ጓደኛው ጠጣ። አቀበቱ ረጅም ነው፣ ፀሐዩም ከሮ ነበር፤ ጠላው ደግሞ የየብርጓል ጠላ ነው። የሺዋስ ሽክናውን ተቀብሎ ትንሽ አየው። ከዚያ የብርጓልን አያት። ከዚያ እስከ አተላው ጠጥቶ ጢሙን ጠረገ። አውቆ ነው ወይስ ጠምቶት ነው የሚለውን እስከ ዛሬ ጠይቀን መልስ አላገኘንም።

ሙላት ነገሩ የገባው የሺዋስ ጢሙን ሲጠርግ ነው። ሽታዬ ሽክና ስታቀርብለት በእጁ ጀርባ ገፋው።

«አልጠማኝም» አለ።

«አውቃለሁ» አለች የብርጓል።

ወዲያው የሺዋስን የደቦው ባለቤት ማን እንደሆነ በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀችው። የሺዋስም የቀመስነው ያንቺን ነው፣ ሥራውን አሳዪን አላት። የብርጓል ወደ ድንጋዩ ክምር ዞረች። ከዚህ ጀምራችሁ ዙሪያውን ካብ ትክቡልኛላችሁ፤ ቁመቱ የሰው ደረት ድረስ ይሁን፤ ከካቡ ወዲያ አንዲት እንቧጮ እንዳትነኩ አለቻቸው።

ሰዉ ተንጫጫ። መጥረቢያ ይዘን የመጣነው ድንጋይ ልንክብ ነው ወይ ያለ አለ። እሾህን አጥሮ የሚያሳድግ የት አገር ታየ ያለም አለ፤ ሚስትህን ጠይቃት ያለው ሌላ ነበር፣ ተሳሳቁ። ሙላት ግን አልሳቀም። ይህች ሴት በአገር ታላግጣለች፣ ጠላ እየሰጠች ታታልላችኋለች አላቸው። ያኔ የብርጓል ክምሩ ላይ ወጣች። ጥላዋን አጠፈች።

«አላታለልሁም፤ የአገራችሁን ሕግ ከእናንተ ይልቅ አውቃለሁ» አለች። «እንዳላማው ይህን ድንጋይ ሲለቅም አረጀ። የበላነውን ገብስ ታስታውሳላችሁ፤ ድንጋዩ ይኸው ነው፣ እዩት። ይህ መሬት ዕድሜውን ሙሉ ተዉኝ ሲል የነበረው በድንጋይ ነው፤ የሰማው ጠፋ። እኔም የተውሁት ሰምቼው አይደለም፤ ሙላት ስላናደደኝ ነው። እንዴትም ልተወው፣ ተውሁት፤ የመጣውን አያችሁ። ስሙን ሳስተምራችሁ ያልነበረ ዛፍ እላይ ቆሟል። ማየት የሚሻ ወጥቶ ይየው፤ መጥረቢያውን ግን እዚህ ያስቀምጥ።»

የሺዋስ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሣ፤ ወስዶም እሷ ካመለከተችው ቦታ አኖረው። ሥራው በዚህ ተጀመረ። መጥረቢያው ሁሉ ከጋኑ አጠገብ ተከመረ፤ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ መሄድ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ዘፈኑ ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር ድንጋይ መካብ ቁጥቋጦ ከመመንጠር ይልቅ አድካሚ ነው። ግን ማን ይመለሳል? ቀምሷላ።

ያልቀመሰው አንድ ሰው ነበር። ሙላት መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከእነሱ መሀል አልፎ፣ ብቻውን ወደ ላይ ወጣ። ማንም አላስቆመውም፤ ያልቀመሰ አይታዘዝም። ሁሉም ወዴት እንደሚሄድ አውቋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። ዘፈኑ ተቋረጠ፤ ሰው ሁሉ ድንጋይ እንደያዘ ቆመ።

የብርጓል ወጣች። አልሮጠችም። እንቧጮውን በጥላዋ ጫፍ እየገለጠች፣ ቀጋው ቀሚሷን እየያዘ እየለቀቀ፣ ኮሶው ዘንድ ስትደርስ ግንዱ እስከ ግማሹ ተጎድቶ፣ ቀዩ እንጨት ወጥቶ ነበር። ሙላትን ላብ አጥምቆታል።

«ያንቺን አልቀመስሁም» አለ።

«አልቀመስህም። ልክ ነህ።»

«እስቲ ከልክዪኝ።»

«አልከለክልህም፣ ቁረጠው» አለች። «እኔ አልተከልሁትም፤ አንተም ቆርጠህ አትጨርሰውም። ነገ ወይራውን ትቆርጣለህ፣ ከነገ ወዲያ ቀጋውን። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ይመጣል፤ ሰናሩ ይመጣል፣ ሰርዶው ይመጣል፣ እንቧጮው ይመጣል። አንተ ትደክማለህ፣ እኔም እሞታለሁ። እሱ አይደክምም።»

ሙላት መጥረቢያውን እንደያዘ ቆየ። ልጆቹን አስቦ ይሆናል፣ ወንድሙን አስቦ ይሆናል። ይህችን ሴት አንድ ቀን እንኳ በነገር አሸንፏት እንደማያውቅ አስቦም ይሆናል። ከዚያ ቆረጠው። ኮሶው ቀስ ብሎ ዘመመና በእንቧጮው ላይ ተኛ። የብርጓል ዓይኗን አልጨፈነችም።

ምስጋናውና ሁለት የኮሚቴ አባላት የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። የዛፉን መውደቅ ሰምተው በአቋራጭ ወጥተዋል። ያገኙት የወደቀ ኮሶ፣ መጥረቢያ የያዘ ሰውና አንዲት ባልቴት ነው። የሺዋስና ሌሎችም ከታች ተከትለው ደረሱ። ምስጋናው እንደ ልማዱ መመሪያው የሚለውን ተናገረ፤ አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስቀጣል፣ ማን ፈቀደ አለ። የሙላት ፊት ተለዋወጠ።

የብርጓል ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር።

«ምስጋናው፣ የተቆረጠው ምንድን ነው?» አለች።

«ኮሶ ነዋ፣ ቲቸር።»

«ዛፍ ነው ወይስ ቁጥቋጦ?»

ምስጋናው ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባው። እሷ ግን አላቆመችም።

«ቁጥቋጦ ነው ካልህ ሙላት ምንም አላጠፋም፤ መጥረቢያውን ይዞ ይሂድ፣ እናንተም መሬቱን ተረከቡ። ቆራጩን የሚያስቀጣ ዛፍ ነው ካልህ ደግሞ ይህ ደን ነው፤ ደን የቆመበት መሬት የተተወ መሬት አይባልም። አንዱን ምረጥ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ልትፈርድ አትችልም።»

ምስጋናው ጓደኞቹን አየ፤ ጓደኞቹ ኮሶውን ያያሉ። ወደ ታች ሲመለከት አገሩ የሚክበው ካብ ጉብታውን መዞር ሲጀምር አየ። የሺዋስ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የጦመ መሬት ይህን ያህል ሰው ሲያሠራ አይቼ አላውቅም አለ። ምስጋናው ከየትም የሚገለብጠው መልስ አልነበረውም።

«ደን ነው» አለ በመጨረሻ።

«የማን?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው ቅጣቱን በስሜ ጻፍልኝ» አለች የብርጓል። «ቁረጠው ያልሁት እኔ ነኝ፤ ምስክር ካስፈለገ ይኸው ቆራጩ። የብርጓል ከገዛ ደኗ ኮሶ አስቆርጣ ተቀጣች ተብሎ ይጻፍ። ከእንግዲህ ጦም አደር ነው የሚል ቢመጣ ይህንኑ አሳየዋለሁ።»

በዚህ አገር ቅጡኝ ብሎ ኮሚቴ የለመነ ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ከአባላቱ አንዱ ሳቁን ሊይዝ ዘወር አለ። ነገሩን ያበላሸው፣ ወይም ያሳመረው፣ ሙላት ነው። መጥረቢያውን መሬት ላይ ተከለ።

«አንቺ ለእኔ አትቀጪልኝም» አለ። «ዛፉን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። በእኔ ስም ይጻፍ።»

ዛፉን አለ፤ ቁጥቋጦውን አላለም። የብርጓልም ይህን ሰምታ ዝም አለች፤ ክርክር ላይ እያለች ዝም ስትል ያየናት ያን ቀን ብቻ ነው። የሺዋስ በመሀል ገብቶ፣ ሁለት እልኸኛ በአንድ ቅጣት ሲጣላ ለማስታረቅ የሚበቃ ጢም የለኝም አለ። ቅጣቱ በሁለቱም ስም ሆነ፤ ደኑ በእሷ ስም ሆነ።

ካቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጋጠመ። ለሣር አጫጅ መግቢያ አንድ በር ተዉለት፤ ለመዝጊያውም የወደቀው ኮሶ ግንድ ተቆርጦ ተጋደመበት። ሽታዬ ሽክናዋን ይዛ ለመጨረሻ ጊዜ ሙላት ዘንድ ሄደች። ቢቀምስ ኖሮ እሱም የደቦው ሰው ነበር፤ ነገሩም በዕርቅ ያልቅ ነበር። ሙላት ሽክናውን አየው፣ ካቡን አየው፣ ሳይቀምስ መጥረቢያውን ይዞ አቀበቱን ወረደ። የብርጓል ጥላዋን ተደግፋ እስኪሰወር አየችው። ይህ ሰው ወንድሙን ይመስላል አለች ለሽታዬ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለ ሙላት ደግ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ደቦው መርቆ ሊበተን ሲል አብይ ወደ እሷ መጣ። ደብረ ማርቆስ የችግኝ ጣቢያ የሚሠራ ዘመድ አለኝ፣ የኮሶ ችግኝ አምጥቼ ጉቶው አጠገብ ልትከልልዎት አላት። ከልቡ ነበር። የብርጓል በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

«አይተከልም» አለችው። «ከተከልኸው የተከልሁት እኔ ነኝ የሚል ይመጣል። ተወው፤ ሲመጣ ማንንም አልጠየቀም።»